ያልደረቀው በር

በከተራ ዕለት ጧት ገበያነሽ የታናሽ ወንድሟን እጅ ሳመች። ታላቅ የታናሹን እጅ ሲስም ማን አይቶ ያውቃል? ዓለምነህ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን ሲፈልግ ነበር፤ እሷ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ጥለቱ ቀይ የሆነ አዲስ ነጠላ አጣፍታ፣ ሰተት ብላ ገባችና ጎንበስ ብላ ቀኝ እጁን ያዘች። «ይኼ እጅ ይባረክ! የአባታችንን ጥድ በር አድርጎ ጊዮርጊስ ደጅ ያቆመ እጅ» አለችና ሁለት ጊዜ ሳመችው። ዓለምነህ እጁን መንጭቆ ከኋላው ደበቀ። ሚስቱ ስንቄ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ኧረ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ! ነውር አይደለም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ገበያነሽም ሳቀች። እሱ ብቻ ጫማውን መፈለጉን ቀጠለ። ጫማው ፊት ለፊቱ ነበር።

ሴቶቹ ስለ ነጠላው አወሩ። ገበያነሽ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ድረስ ወርዳ በመቶ ስልሳ ብር እንደገዛችው፣ ነጋዴው ከሁለት መቶ ጀምሮ እንዳስለፈለፋት፣ ቀለሙ እንዳይለቅ በጨው ውሃ እንደነከረችው ተናገረች። ወንድምና እህት ግን እርስ በርስ አልተነጋገሩም፤ ካለፈው ግንቦት ወዲህ እሱ አንገቱን ደፍቶ «ደህና ነሽ?» ከማለት በቀር ወሬ አልቆበት ነበር፤ እሷም የሥራ ድካም ነው ብላ ትታው ነበር። ገበያነሽ ከመናኸሪያው ጀርባ ጠላና አረቄ ትሸጣለች። ሁለት ባል ፈትታለች፣ ሦስተኛውን አልፈለገችም፤ ለደባርቅ ሴቶች ሐሜት ይኼ መች ያንሳል! የባሎቻችንን ኪስ የምታራግፈው እሷ ናት ይላሉ፤ ባሎቻቸው በገዛ እግራቸው ሄደው መግባታቸውን የሚያነሳ ግን የለም። በዚህ የተነሳ ገበያነሽ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ቆማ ነበር የምትሳለመው። ዛሬ ግን «ገብቼ በሩን በዓይኔ ሳላየው አልቀርም፤ እኔም እኮ ላቤን አፍስሼበታለሁ» ብላ ተነስታለች።

እውነቷን ነው። አባታቸው በሞቱ በዓመቱ፣ ከጓሯቸው የነበረውን ትልቅ ጥድ ሁለቱ ተስማምተው ለጥድ አምባው ጊዮርጊስ ሰጡት፤ የምዕራቡን በር ምስጥ በልቶት ነበርና። ሁለት ጣውላ ሰንጣቂዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ በትልቅ መጋዝ ሳምንት ሙሉ ሰነጠቁት። ጣውላው የተደረደረው እሷ ግቢ ነው፤ ሰፊ ጓሮና የቆርቆሮ ጥላ ያላት እሷ ነበረች። ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ በየጣውላው መካከል ነፋስ እንዲያልፍ ቀጫጭን በትር አጋድመው፣ ጫፍ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ እበት ለቅልቀው፣ እንዳይጣመም ከላይ ድንጋይ ጭነው ተዉት። «እትዬ፣ ሁለት ክረምት ይለፈው። ፀሐይ በቀጥታ አታግኘው፤ በየወሩ አገላብጪው» ያላት ዓለምነህ ራሱ ነው። አገላበጠችው። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ድንጋዩን አውርዳ፣ የላዩን ታች የታቹን ላይ አድርጋ፣ መልሳ ድንጋዩን ትጭናለች። ጠጪዎቹ «ገበያነሽ፣ ይኼ የሠርግ አልጋ ነው የሬሳ ሣጥን?» እያሉ ሲቀልዱባት፣ «እናንተን ብቀብርበት ይሻለኝ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ለጊዮርጊስ ተሳልኩት» ትላቸው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጣውላው በጣት ሲንኳኳ እንደ ሸክላ ጮኸ። ዓለምነህ ግንቦት ላይ በጋሪ ጭኖ ሲወስደው በጋሪው ኋላ እያለቀሰች ሸኘችው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ግንቦት ከከተማው በላይ፣ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ፣ አንድ ሰውዬ ሎጅ ሲያሠራ ስምንት አልጋ የሚሠራለት አናጢ ያፈላልግ ነበር። ሰውዬው እየዞረ ጣውላ ያንኳኳል፤ ያልደረቀ እንጨት ከሆነ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ዓለምነህ ቤት ሲደርስ አንኳኩቶ ቆመ። «ይኼን የመሰለ ደረቅ ጥድ ጎንደርም የለ። ላንዱ አልጋ ሺህ ሁለት መቶ» አለው። ዓለምነህ ለራሱ እንዲህ አለ፤ ይኼን ልስጠው፣ በምትኩ ሌላ ደረቅ ጥድ ገዝቼ በሩን እሠራለሁ፣ ጊዮርጊስ ምን ይጎድልበታል? ደባርቅን አሰሰ፣ ዳባት ድረስ ሄደ፣ ደረቅ ጥድ አላገኘም። ክረምቱ ገባ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ያርጋል «ልጄ፣ በሩ የት ደረሰ?» ማለት አበዙ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ በነሐሴ ማለቂያ በዚያው ሳምንት የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ገዛ፤ ሲላግ ውሃው መዳፍ ላይ የሚቀር ርጥብ ባሕር ዛፍ። ሠራው፣ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀባው፣ በጳጉሜን ሰቀለው። በሩ አማረ። ሰው ሁሉ መረቀው። ባሕር ዛፍ በርጥቡ ከተሠራ ውሎ አድሮ እንደሚጠመዘዝ የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ አንድ ብቻ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የጊዮርጊስ ግቢ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የጥር ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ከስሜን የሚወርደው ደረቅ ነፋስ ደግሞ ከንፈር ይሰነጥቃል። ዓለምነህ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ በሩን ማየት ፈራ። እህቱን ግን አያት፤ ከደረጃው በስተቀኝ፣ ከሴቶቹ ፊት ቆማ ዓይኗን ከአረንጓዴው በር አልነቀለችም፤ አጠገቧ ላለችው ለማታውቃት ሴት ሁሉ በጣቷ እያሳየች ታወራ ነበር። ትልቁ የምዕራብ በር ለትልቅ በዓል ካልሆነ አይከፈትም፤ ካህናቱ በየዕለቱ የሚገቡት በጎን በር ነው። የመጨረሻ የተከፈተው ለመስቀል ነበር። ከውስጥ የከበሮውና የጸናጽሉ ድምፅ እየቀረበ መጣ፣ ዲያቆናቱ ጥላ ዘረጉ፣ ሴቶቹ ለእልልታ አፋቸውን አሰናዱ። መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማ። በሩ ግን አልተከፈተም።

ከውስጥ ሳቡት፣ ከውጭ ጎረምሶች በትከሻ ገፉት። አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ አለና ቆመ። ከበሮው ጸጥ አለ። አንድ ወጣት ዲያቆን «በጎን በር ብናወጣውስ?» ሲል ቄስ ያርጋል «ጊዮርጊስ ሌባ ነው እንዴ በጓሮ የሚወጣ?» ብለው ሲቆጡት እስከ ደጁ ተሰማ። ቀጥሎ «አናጢው ይጠራ!» ተባለ። ሰዉ ገፋ ገፋ አድርጎ ዓለምነህን አሳለፈው፤ እሱም ጫማውን አውልቆ በጎን በር ገባ። ታቦቱን የተሸከሙት ካህን ከመጋረጃው ወዲህ በወርቀ ዘቦ ተሸፍነው ቆመዋል፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ዓለምነህ በሩን አንድ ጊዜ አየው፣ በቃው። የቀኙ መዝጊያ ከነመቃኑ ተጠማዝዞ የላዩ ጥግ ከመቃኑ ውስጥ ተቀርቅሯል። ቀለሙ ከመጋጠሚያው ላይ ተተርትሮ ነበር፤ ግን ጨለማ ስለነበር ሌላ ሰው ልብ አላለውም።

«ልጄ፣ በሩ ምን ሆኖ ነው?» አሉት ቄስ ያርጋል።

ያን ጊዜ ቢናገር ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን ካህናቱ ሁሉ ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለዋል፤ ከመዝጊያው ማዶ ያለው ሕዝብም ጆሮውን ሰጥቷል፤ ከሕዝቡ መካከል ደግሞ ያቺ ጧት እጁን የሳመችው ሴት አለች። አፈረ፤ እፍረቱ ከእግሩ ጥፍር ተነስቶ ጆሮውን አጋለው። «በሩ ምንም የለውም አባቴ» አለ። «ደረቅ ጥድ ነው።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያውስ ነገሩ ከእኛ ነው» አሉ። በጎን በር ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙና፣ «ምእመናን፣ ታቦቱ አልወጣም ብሏል! በመካከላችን በደል አለ። ሁላችንም ወደ ልባችን እንመለስ፣ እግዚኦ በሉ!» ብለው ጮኹ። ግቢው በጉልበቱ ወረደ። አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ተባለ። ዓለምነህ ተከትሏቸው ወጥቶ ከደረጃው ጥግ ተንበርክኮ ነበር፤ አፉ ከሰዉ ጋር ይላል፣ ልቡ ግን የመዝጊያውን ጥግ ያስባል። ሲያበቃ ጎረምሶቹ እንደገና ገፉ። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ነው ሹክሹክታው የተጀመረ። ሕዝብ በደል ፈልግ ሲባል የራሱን አይፈልግም፤ ዞር ዞር ብሎ የጎረቤቱን ያያል። ባሏ ደሞዙን ይዞ መናኸሪያ ጀርባ የሚያመሸው እታለም ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬዳል? ስድስት ዓመት ያልረገጠችውን ግቢ ዛሬ የረገጠች ማን ናት? እሷ እያለች አይወጣም» አለች። ቃሉ ከሴት ወደ ሴት አለፈ። ዓለምነህ ሰማው። ከገበያነሽ ግራና ቀኝ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ አንድ እርምጃ ሸሹ፤ በዚያ በተጨናነቀ ግቢ እሷ ዙሪያ ብቻ ባዶ መሬት ታየ። አንዲት አሮጊት፣ በክፋት ሳይሆን በልመና ድምፅ፣ «ልጄ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ከቅጥሩ ውጪ፤ ታቦት ተሸክመው የቆሙት አባት ደከሙ እኮ» አለቻት።

ገበያነሽ ወንድሟን ፈለገችው። አገኘችውም። ዓይኖቿ የሚሉትን ያወቀው እሱ ብቻ ነው፤ ‹አንተ አናጢው ነህ፣ በሩ ነው በላቸው› ነበር የሚሉት። ዓለምነህ የእግሩን ጣቶች አየ። ባዶ እግሩን ነበር፤ ጫማውን ከጎን በር ትቶታል። እንደገና ቀና ሲል እህቱ ግንቡን ስማ፣ አዲሱን ነጠላ ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ሰዉ በከፈተላት መንገድ ወደ ደጀ ሰላሙ ስትሄድ አየ። ማንም አልነካት፣ ማንም አልሰደባት። ቢሰድቧት ይሻል ነበር።

ከዓይኑ ስትሰወር ተነሳ። የግቢው ዘበኛ ማገዶ የሚፈልጥበትን መጥረቢያ ከግንቡ ሥር አነሳና ወደ ውስጥ ገባ። ወደ ታቦቱ የተመለሱት ቄስ ያርጋል መጥረቢያውን አይተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አባቴ፣ በሩ ነው» አለ። «ዋሽቼዎታለሁ። እንጨቱ ርጥብ ነበር።» መልስ ሳይጠብቅ የመዝጊያውን ጥግ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ፍላጩ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጥድ ሲፈለጥ ልቡ ቀይ ነው፣ ሽታውም ቤት ይሞላል፤ ይኼኛው ነጣ ብሎ ነው የወጣ፣ ምንም አልሸተተ። ቄስ ያርጋል አንዱን ፍላጭ አነሱ፣ በአውራ ጣታቸው አሹት፣ መሐሉ ገና ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ይኼ ጥድ አይደለም።»

«አይደለም አባቴ።»

«ቅድም ስጠይቅህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አፍሬ ነው።»

«ከማን?» አሉት። በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። ከታቦቱ ፊት ቆሞ የዋሸ ሰው ከማን አፈርኩ ይላል? ዓለምነህ መጥረቢያውን ደግሞ አነሳ።

በአምስተኛው ምት መዝጊያው ተንቋቋና ተላቀቀ። ብርሃን ገባ። ከበሮው ተመታ፣ ታቦቱ በፀሐይ ብርሃን ወጣ፣ ግቢው በእልልታ ተናጋ። ዓለምነህ ከተሰበረው መዝጊያ ኋላ፣ መጥረቢያውን እንደያዘ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ከእልልታው በላይ የእታለም ድምፅ ጥርት ብሎ መጣለት፦ «አላልኳችሁም? እሷ ስትወጣ ወጣ! ጊዮርጊስ ምን ይሳነዋል!» «በሩ ነው! በሩ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። የመለከቱ ድምፅ ዋጠው። እሱ የተናገረውን የሰሙት ውስጥ የነበሩ አሥራ አምስት ያህል ካህናትና ዲያቆናት ናቸው፤ እነሱም ታቦቱን አጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረዱ። ገበያነሽ ስትወጣ ያየው ግን ሙሉ ደባርቅ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእታለም ቃል ታቦቱን ቀድሞ ከተማ ገባ።

ዓለምነህ ፍላጩን በጋቢው ሰብስቦ ወለሉን ጠረገ። ታቦቱን አልተከተለም፤ በየትኛው እግሩ? ከተማው ባዶ ነበር፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ መናኸሪያው ውስጥ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ብቻ ቆሟል። እህቱ ቤት ሲደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ሦስት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ‹አንድ መለኪያ ሰባ አምስት ሳንቲም፣ ዱቤ የለም› የሚል ካርቶን ከበላይ። ገበያነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ የአረቄ ጠርሙሶቿን በሣጥን ውስጥ እየደረደረች በመካከላቸው ጭድ ትሰገስግ ነበር። ነጠላው ተጣጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። «ሰማሁ» አለችው ቀና ሳትል። «ስወጣ ወጣ አሉኝ። እንግዲህ እኔው ነኝ ማለት ነው። ሐሜት ይመስለኝ ነበር፤ ታቦት ግን አያማም። ከጥምቀት ማግስት ወደ አዲ አርቃይ እወርዳለሁ፤ ቆላ ነው፣ የሚያውቀኝ የለም።»

አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ነገራት፤ ሁሉንም፣ ከአልጋው ጀምሮ። ሲናገር እሷ ጭድ መሰግሰጓን አላቆመችም፤ ‹ባሕር ዛፍ› ሲል ግን እጇ ቆመ። ከግድግዳው ኋላ፣ ጣውላው ሁለት ዓመት በተኛበት ጥላ ሥር፣ ዶሮ ትጭራለች።

«ጥዱ አልጋ ሆነ?»

«አዎ።»

«ሰው ተኝቶበታል?»

«አዎ እትዬ።»

«ሃያ አራት ጊዜ አገላበጥኩት» አለች። «ወገቤ እስኪነቀል። የአባቴን ስም እየጠራሁ። አንተ ደግሞ ዛሬ ጧት እጅህን ስስመው ትንፍሽ አላልክም። እንጨትህስ ርጥብ ነበር፤ ዓይንህ ግን መች ይረጥባል! ዓይነ ደረቅ!» እያለች ደረቱን በቡጢ መታችው፣ ደግማ መታችው፤ እሱም አልተከላከለም፣ እንዲያውም ትንሽ ቀለለው። ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ሳቅ ሳይመጣት ሳቀች። «እኔን ሞኟን! አገር ልለቅ ነበር እኮ።»

ይኼኔ ደንበኛዋ፣ የጭነት መኪና ረዳቱ ሙሌ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ገባ፤ ከጥምቀተ ባሕሩ መመለሳቸው ነው፣ አቧራ ጠግበዋል። ገበያነሽን ሲያዩ አፈሩ፤ ወሬውን ሰምተዋል። ሙሌ «እኛ እንኳ... ገሃድ ነው፣ ግን ጉሮሯችን ደርቆ ነው» ብሎ ተንተባተበ። ገበያነሽ ብድግ አለችና ወንድሟን ክንዱን ይዛ አስነሳችው። «ንገራቸው» አለች። «እንደነገርከኝ አድርገህ ንገራቸው።»

ነገራቸው። ቆሞ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ምንም ሳያስቀር። ጥዱን እንደሸጠው፣ ርጥብ ባሕር ዛፍ እንደሠራ፣ ቄሱ ሲጠይቁት እንደዋሸ፣ በመጥረቢያ እንደከፈተው። ሁለቱ ጠጪዎች አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ። ሲጨርስ ሙሌ ወደ ጓደኛው ዞሮ ጭኑን መታ። «አየህልኝ? ወንድም ማለት ይኼ ነው! የእህቱን ስም ለማዳን ብሎ የገዛ ስሙን ጭቃ ከተተው። ለመሆኑ በየትኛው አገር ነው አናጢ ተነስቶ ‹ርጥብ እንጨት ሠራሁ› የሚለው?»

«እውነቴን ነው» አለ ዓለምነህ። «በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ፣ እውነቴን ነው።»

«እናውቃለን፣ አይዞህ። ተረዳንህ» አለ ሙሌ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው፤ ጓደኛውም ከወንበሩ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው። «ገበያነሽ፣ አንቺም ዕድለኛ ነሽ! በይ ለዚህ ሰው አንድ መለኪያ ቅጂለት፣ በእኔ። እንዲህ ያለ ወንድም ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ገበያነሽ ከሣጥኑ አንድ ጠርሙስ አወጣች፣ የተጣበቀበትን ጭድ በእጇ ጠረገች። መለኪያውን ሞላችው፤ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ ቀዳች። ከወንድሟ ፊት አስቀመጠችና ዓይኑን ትክ ብላ አየችው።

«ጠጣ እንጂ» አለችው፣ «ወንድም ዓለም።»